የወንድም ሄንሪ ትከሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሞተ መቶ ዓመት ላለፈው እንግሊዛዊ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው በእንባ አስጸልያለሁ። ይህን የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም። እናቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች፤ እሷ ጨማምራ ከምታወራላችሁ ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ቤት አልነበራትም። ሆላንድ አገር፣ ስኪዳም ከተማ ውስጥ የአንድ ክሪኬት ክለብ አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምናመልከው። አርብ አመሻሽ ላይ ወላጆቻችን አዳራሹ ውስጥ ሲጸልዩ፣ እኛ ስድስት ሰባት ልጆች ከጎን ባለችው የዕቃ ክፍል ከጋሽ ዘለቀ ጋር እንቀመጥ ነበር። ክፍሏ እርጥብ ሣርና ተልባ ተልባ ትሸታለች፤ የክለቡ ሰዎች ኳስ የሚመቱበትን እንጨት በተልባ ዘይት ያሹት ነበርና። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር «ስንት ጨጓራ የሚያድነውን ተልባ እንጨት ይቀቡታል!» እያለች ትንገበገብ ነበር። መሃል ላይ ከሁለቱ ሽቦዎቹ አንዱ ብቻ የሚቀላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ የእኛ ፍም እሱ ነበር። ጭስም አልቀረብንም፤ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ናቲ እግሩን ከመጠን በላይ አስጠግቶ ካልሲው ጨሰ።

ጋሽ ዘለቀ በወጣትነታቸው ዴልፍት የውሃ ምህንድስና ሊማሩ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ያኔ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ተማሪ ሳሉ አብሯቸው የኖረ ሕንዳዊ ሲሰናበታቸው አንድ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ሰጥቷቸዋል፤ በክሪኬት አገሮች ገና እርስ በርስ መጋጠም በጀመሩበት ዘመን ስለነበረ ኳስ ወርዋሪ የሚተርክ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የዕለቱን የልጆች ትምህርት በአሥር ደቂቃ ያጣድፉትና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እሺ፣ ወንድም ሄንሪን የት ጥለነው ነበር?» ይሉናል። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ወይ ወንድም ነው ወይ እህት፤ ስለዚህ ሄንሪም ወንድም ሄንሪ ሆነ። በሕይወት ይኑር ይሙት እሳቸው አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ወንድም ሄንሪ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነበር። አባቱ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሲሞት እናቱን የሚረዳ እሱ ብቻ ቀረ። ግራኝ ስለነበር አስተማሪው ግራ እጁን ከወንበር ጋር ያስሩበታል፤ እሱ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ በዚያችው እጁ መሬት ላይ ያኖራትን ቅጠል በኳስ እየመታ ይውላል። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲተርኩ ተነስተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይንደረደሩና ያልያዙትን ኳስ ይወረውሩ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ እንሰማለን። ደግሞ ወሬ አይወዱም፤ «ዝም በሉ! ሰውየው ባሕር ላይ እያለ አይወራም!» ይሉናል። ወንድም ሄንሪ አውስትራሊያ ለመድረስ በመርከብ ሳምንታት ሲጓዝ፣ እኛም ስንት አርብ አብረነው ባሕር ላይ ነበርን።

ቴስት የሚባለው ግጥሚያ ቀናት እንደሚፈጅ፣ በመሃሉም ለምሳና ለሻይ እንደሚቋረጥ የነገሩን ዕለት ናቲ «ኤክት?» አለ፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው በደች። «አንተ ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄማ እንደኛ ኮንፈረንስ ነው!» ናቲ እዚህ ተወልዶ አንቱታ የሚባል አልገባው ብሏል። ጋሽ ዘለቀ በትዕግሥት አዩትና «እነሱ ጋ እንኳን በሰዓቱ ይጀመራል» አሉት።

ታዲያ አንድ አርብ፣ ወንድም ሄንሪ በመጨረሻው ትልቅ ግጥሚያ ዋዜማ ሲለማመድ ትከሻው ቋ አለ። ክንዱን ማንሳት አቃተው፤ ካልተጫወተ ደግሞ ያሰናብቱታል፣ እናቱም ጦሟን ታድራለች። ልክ እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ የመዝጊያው መዝሙር ተጀመረና ጋሽ ዘለቀ መጽሐፉን ዘጉ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቅዳሜን ምግብ አልበላ ብዬ፣ በግራ እጄ ጸጉሬን ላበጥር እየሞከርኩ ዋልኩ።

እሑድ ፓስተራችን እንደ ሁልጊዜው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲሉ ተነሳሁ።

«ወንድም ሄንሪ ትከሻው ተጎድቷል» አልኩ። «ሥራው በክንዱ ነው፤ ካልዳነ ያባርሩታል።»

ፓስተሩ ራራ ባለ ድምፅ «እንዴት ነው የመጣው ልጄ?» አሉኝ።

«በመርከብ። መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነበር። አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ሞቷል፤ እናቱ አገር ቤት ናት፣ የሚረዳት የለም።»

ከመሃላችን በጀልባ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። ቭላርዲንገን ከተማ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ሲጸልዩ ማይክሮፎን የማያስፈልጋቸው ሴት ናቸው። «ጌታ ሆይ! ይህን ምስኪን ስደተኛ ትከሻውን ፈውሰው! የመኖሪያ ወረቀቱንም ስጠው!» አሉ፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ጋሽ ዘለቀ ተነስተው አፋቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ ዞር ሲሉ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ አገኙኝ፤ መልሰው ተቀመጡ። ቀስ ብለው አሜን ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጉባኤው ሲበተን እትዬ አስካለ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። «የታለ ልጁ? ሃውስአርትሱ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ቀጠሮ እስኪሰጠው እኔ አሽለታለሁ!»

ጋሽ ዘለቀ ላብ በላብ ሆነዋል። «አስካለ፣ ሰውየው ሞቷል።»

«ውይ! እየጸለይንለት?»

«ኧረ እኔም አንቺም ሳንወለድ!»

መጽሐፉ ከቦርሳ ወጣ፣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ገሚሱ ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። በጸሎት ተቀልዷል፣ ልጆች በተረት ተጠምደዋል ተባለና፣ ከመጪው አርብ በኋላ ሌላ ሰው እንዲይዘን ተወሰነ። እናቴ ጭኔን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ እስከ ማክሰኞ ነበር። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ቁንጥጫው አይደለም። አንዲት አርብ ብቻ ቀርታናለች፤ ወንድም ሄንሪ ደግሞ ክንዱን እንዳንጠለጠለ ነው። ሞቷል ቢሉኝም ለእኔ ገና ያችው ዋዜማ ላይ ነበር።

የመጨረሻዋ አርብ ደረሰች። ጋሽ ዘለቀ እንደተቀመጡ በሩ ተከፈተና እትዬ አስካለ ገቡ። «ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጸለይኩለትን ሰው መጨረሻውን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም» ብለው ከማሞቂያው አጠገብ ተቀመጡ። ተከትለዋቸው ሌሎች ሴቶች፣ ቀጥሎ ባሎቻቸው መጡ። ፓስተሩ ሊመልሷቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ጋሽ ዘለቀ መጽሐፉን ገልጠው አንዷን ገጽ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። መጽሐፉን ዘጉትና «ዳነ» አሉ።

እንዴት እንደተረኩት! በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለማሸነፍ አንድ መቺ ብቻ ማስወጣት ሲቀር ወንድም ሄንሪ ኳሱን ተቀበለ። ጋሽ ዘለቀ ተነስተው ተንደረደሩ፤ ሕዝቡ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ግራ ክንዳቸው ዞረ፣ ያቺ የሌለች ኳስ በረረች፣ ከመቺው ኋላ የተተከሉት ሦስቱም እንጨቶች ተበታተኑ። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት። በሩ ላይ የቆሙት ፓስተርም «ሃሌ ሉያ!» ብለው አመለጣቸውና ጉሮሯቸውን እንደመጥረግ አሉ። ልጆቹን ሌላ ሰው ይያዝ የሚለውን ነገር ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም።

ዛሬ ሄግ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ጋሽ ዘለቀም እዚያው ሄግ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው። ባለፈው የፀደይ ወራት ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፉን ሰጡኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡር ውስጥ ያችን ገጽ ፈልጌ አነበብኳት። ትከሻው አልዳነም። ወንድም ሄንሪ ለአገሩ ዳግመኛ አልተጫወተም፤ በቀረችው እጁ ከሰል ሊቆፍር ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ አልዳነም እኮ!»

«ማን ነው ያለው?» ብለው ተቆጡ።

«መጽሐፉ ነዋ!»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ያን እሑድ ስኪዳም ነበር? አልነበረም። ታዲያ ምኑን ያውቃል?» አሉና ሻይ እንድቀዳላቸው ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፉት፤ በግራ እጃቸው።

ውሸት ነበር እንዳልል፣ ያን ምሽት ካንጠለጠለኝ ጭንቀት ያወጣኝ እሱ ነው፤ እውነት ነበር እንዳልል ደግሞ መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። አሁን ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ወንድም ሄንሪን አነብላታለሁ። እዚያች ገጽ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን እዘጋና ከወንበሬ ተነስቼ እንደረደራለሁ።