ሁለት ጥሪ ከሽሮ ሜዳ

ስልኩ ሁለት ጊዜ ይጮህና ዝም ይላል። በየቀኑ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ማንሳት ክልክል ነው። ከዚያ እኔ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ሄጄ እደውላለሁ፤ እዚያም ሁለት ጊዜ እስኪጮህ ጠብቄ እዘጋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። «አድሬያለሁ» ማለት ነው፤ «እኔም አድሬያለሁ» ማለት ነው።

ይህን ውል የገቡት እናቴና ወዳጇ ናቸው። ወዳጇ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የሸማኔ ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እናቴ ነጠላ ልትገዛ ሄዳ በዋጋ ተጨቃጭቀው ነው የተዋወቁት። እናቴ እንጦጦ ማርያምን ሳትሳለም ወር የማታሳልፍ፣ እማማ ደግሞ ጴንጤ፤ በሃይማኖት ሲከራከሩ አርፍደው ምሳ ላይ ይታረቁ ነበር። ኋላ የሁለቱም ጉልበት ከዳቸው። እኛ ካለንበት ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ወጥቶ መውረድ ሲያቅታቸው፣ ሁለት ጥሪን ፈጠሩ። አንድ ቀን ሳላውቅ አንስቼው እናቴ የጮኸችብኝን ጩኸት መቼም አልረሳውም። «ማን አንሺ አለሽ? አሁን ምን ሆነች ብላ ልትደነግጥ ነው!»

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አርባዋ በወጣ ማግስት፣ ማለዳ፣ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ሄጄ ደወልኩ፤ ሁለት ጊዜ አስጮህኩና ዘጋሁ። ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና በቀብሯ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተጓድሎ አያውቅም።

እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እናቴም ከእኔ ሌላ አልወለደችም። ሥራዬ ከቤት ነው። ተመራማሪዎች በየገጠሩ እየዞሩ ሰው ያነጋግሩና ቅጂውን ይልኩልኛል፤ እኔ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሰው አለ። ስለ ማሳው፣ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ሚስቱ ሕመም ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለእኔ አይደለም። አንዳንድ ቀን ድምፄን አውጥቼ የምናገረው የመጀመሪያ ቃል ባለሱቋን «ዳቦ አለ?» የምላት ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። እንግዲህ እነዚያ ሁለት ጥሪዎች ለእኔ ምን እንደነበሩ አስቡት። በዚህ ከተማ ውስጥ ማደሬን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

በስልኩ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ግን አሮጌ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ይታመማል፣ ፀሐይ ሲወጣም ቶሎ አይድንም። አንድ ቅጂ ለመቀበል ግማሽ ቀን እጠብቃለሁ። የምሠራላቸው ሰዎች መጀመሪያ በትህትና፣ ኋላ ደግሞ ያለ ትህትና «ፋይበር አስገቢ፣ አለዚያ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ። እንጀራዬ ነው፤ ምን አደርጋለሁ? አመለከትኩ።

ተራዬ ከመድረሱ በፊት በነበረው እሁድ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ስልኩም በፋይበሩ በኩል ይሆናል ስለተባልኩና ምን እንደሚያመጣ ስላላወቅኩ፣ ለማንኛውም ብዬ ትልልቅ ቁልፍ ያላት ሞባይል ገዝቼላቸው ነበር።

«ይቺ ትጠፋብኛለች» አሉ።

«አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሏታ!»

«እንደ ፍየል?»

«እማማ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። እኔ የማውቀው አንድ ቁጥር ነው፤ የእናትሽን። እሱንም ጣቴ ነው እንጂ ራሴ አያውቀውም።»

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀድመኛል። «እርስዎ እኮ ግትር ነዎት! አንድ ቀን ቢወድቁ ማን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ሞባይሏን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሰኞ ሁለቱ ጥሪ በሰዓቱ መጣ፤ ግን አጠር ያለ መሰለኝ። ጥሪ ደግሞ ያጥራል? የተጣላ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው።

ማክሰኞ የፋይበሩ ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። «እናቴ፣ ገመዱ በየት በኩል ይግባ?» አይለኝም! እናቴ! ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። ደሜ ፈላ፤ ግን ገመዱን የያዘው እሱ ነውና ዋጥ አደረግኩት።

«ቁጥሬስ?» አልኩት።

«አይቀየርም።»

«ይማሉ።»

«ምን አሉኝ?»

«አይቀየርም ብለው ይማሉልኝ። ከተቀየረ ገመድዎን ጠቅልለው ይሂዱ። ኢንተርኔቱም ይቅር፣ ሥራውም ይቅር።»

ፊቴን አየና የቀልድ እንዳልሆነ ገባው። «እናቴ ትሙት፣ አይቀየርም» አለ።

ሰውዬው አልዋሸም። ቁጥሩ አልተቀየረም። የድሮውን ስልክ ከግድግዳው ነቅሎ አዲስ ነጭ ሳጥን ጀርባ ላይ ሰካው፤ ሳጥኑን ደግሞ ከመብራት ጋር አገናኘው። በሞባይሉ ደውሎም አስጮኸልኝ። «መብራት እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም» አለኝ። ብሎኛል፤ አልክድም። እኔ ግን ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ቅጂ ሻይ ሳይፈላ ገብቶ አልቆ ነበር።

የድሮው ስልክ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ አልነበረውም። ቤቱ ሁሉ ጨለማ ሆኖ እንኳ ሁለት ጊዜ ይጮህ ነበር። ስለዚህ ስልክና መብራት ዝምድና አላቸው ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

እናቴ ያወረሰችኝ አንድ ልማድ አለ፤ ሰፈራችን ውስጥ ይህ ልማድ የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ከመተኛት በፊት ሶኬት ሁሉ ይነቀላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል፤ የእናቴን ቴሌቪዥን እንዲሁ ነው የበላው። ፍሪጁ ይነቀላል፣ ኮምፒውተሩ ይነቀላል፣ መብራት ሲመጣም ትንሽ ተጠብቆ ነው የሚሰካው። ማክሰኞ ማታ አዲሱን ሳጥንም ነቀልኩት። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሜ፤ አዲስ ነውና ሳሳሁለት።

ረቡዕ አስራ ሁለት ተኩል ሆነ። ጸጥ። አንድ ሰዓት ሆነ። አሃ፣ ኮረፉ ማለት ነው አልኩ። እኔም ከማን አንሼ! ካልደወሉ አልደውልም አልኩ። ያን ጊዜ ስልኩን ለመደወል ባነሳው ኖሮ ሬሳ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል። ረፈድ ሲል ሶኬቱን ሰክቼ ሥራዬን ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ፤ ትራንስፎርመር ፈነዳ ተባለ።

ሐሙስም መብራት የለም። ጥሪም የለም። ሥራ ስለሌለ ጆሮዬ ውስጥ የሚናገርም ሰው የለም። በመስኮት እንጦጦን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ እስኪገፈፍ አየሁት፣ ተገፍፎም አየሁት። ወድቀው ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ውልብ አለብኝ፤ አባረርኩት። ኩርፊያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ኩርፊያ መድኃኒት አለው። ከሰዓት በኋላ ግን አልቻልኩም፤ የራሴም ሞባይል ባትሪው አልቋል፤ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ጫማዬን አጥልቄ ክሩን አሰርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ያ የማልወደው አመሌ ተነሳ። ለምን እኔ እሄዳለሁ? ሞባይል የገዛሁ እኔ፣ የተሳደብኩ ይመስል ደግሞ ይቅርታ የምጠይቅ እኔ? ይደውሉ እንጂ! ክሩን ፈትቼ ጫማውን በሩ ሥር አውልቄ ተመለስኩ።

ሌሊት መብራቱ መጥቶ አድሯል፤ እኔ ግን ምኑንም አልሰካሁም። ዓርብ ማለዳ የግቢው በር ተደበደበ። ማንኳኳት አይደለም፣ መደብደብ ነው። ሮጬ ከፈትኩ።

እማማ ናቸው። በከዘራ ተደግፈው፣ ፊታቸው በእንባ ርሶ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ሥር ነው። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። የሸማኔ ሚስት ናቸው፤ ነጠላ በስህተት አያዘቀዝቁም።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

ፊቴን በእጃቸው ዳበሱት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ እማማ።»

«አለሽ?»

«አለሁ እኮ!»

ከዚያ በከዘራቸው ቁርጭምጭሚቴን መቱኝ። ያመኛል እስካሁን። መትተው ሲያበቁ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያሉ ተንሰቀሰቁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሦስት ቀን ደወልኩ» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «በጠዋት ደወልኩ፣ በማታ ደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። አንቺ በዚያ ሰዓት የት ልትሄጂ ነው? መሄጃ የለሽም። ሞታለች አልኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ታክሲ ቀያይሬ መጣሁ።»

«ታዲያ እዚህ ሲደርሱ ድንኳን አላዩ፣ ሰው አላዩ። ደህና እንደሆንኩ አይገባዎትም?» አልኩ፤ ልስቅ እየሞከርኩ።

«እሱ ነው እኮ የገደለኝ» አሉ። «ድንኳን ባጣ ጊዜ ወይኔ ልጄን አልኩ። ማንም ሳያውቅላት፣ ብቻዋን ተኝታ ሦስት ቀን አልኩ። በሩን የሚሰብርልኝ ሰው ልጠራ ነበር።»

ደጁ ላይ ድንኳን ከሌለ የቤቱ ሰው ደህና ነው ማለት ነው፤ ለሌላ ሰው ቢሆን። ለእኔ ግን ተሳስተዋል ማለት አልቻልኩም። ብሞት ልክ እንዳሉት ነበር የሚሆነው። የማነጋግራት ባለሱቋ እንኳ ሌላ ሱቅ ለመደች ብላ ትተወኝ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው የኖርኩት፤ ከሰው አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔ ተነስቼ ሻይ ጣድኩ።

ቤት ገብተው ሳጥኑን አሳየኋቸው። ሶኬቱን ስሰካው አረንጓዴ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ስልኩን አንስቼ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው፤ ድምፁ መጣ።

«ደግሞ መብራት የሚበላ ስልክ!» አሉ። «የድሮው ምን አደረገሽ?»

ሻዩን ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንቺስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «የእኔ ጥሪ ሲጠፋብሽ ምን አልሽ?»

ለወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ፈልገው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እኔም ጥሪ አልሰማሁም፤ ሰማንያ ዓመት የተሸከማቸው ጉልበት ተነስቶ እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ የእኔ ጉልበት በር ላይ ቀርቷል።

«ልመጣ ተነስቼ ነበር» አልኩ። «ጫማዬን ሁሉ አድርጌ ነበር።»

ጫማው ሐሙስ እንዳወለቅኩት በሩ ሥር ነው፤ አንደኛው በጎኑ ተጋድሟል። እማማ ጫማውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «እሺ» አሉ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አወረዱና አቃንተው ለበሱት።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሳጥን አልነቅለውም። ፍሪጁን እነቅላለሁ፣ ኮምፒውተሩን እነቅላለሁ፤ እሱን ግን ከተቃጠለም ይቃጠል ብዬዋለሁ። ሁለቱ ጥሪ በሰዓቱ ይመጣል። ሞባይሏም አሁንም እማማ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች፤ ቻርጅ ተደርጋ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ስነቃ መብራት የለም። አስራ ሁለት ተኩል እስኪሆን አልጠበቅኩም፤ በሞባይሌ መደወልም አላሰኘኝም። ጫማዬን አስሬ ታክሲ ተሰለፍኩ፣ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ። በራቸውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁና ጆሮዬን ጣልኩ። ቆየት ብሎ ከውስጥ ከዘራቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ተመልሼ ዳገቱን መውረድ ጀመርኩ።

በሩ ከኋላዬ ተከፈተ።

«አንቺ!» አሉ። «ግቢ እንጂ!»