ጋሼ ያውቀው የነበረ ምርመራ

ሹፌሯ የከተማ አውቶቡስ ትነዳ ነበር። ፍሬን ሳታንጫጫ፣ ቆሞ የሚሄደውንም ሳታንገዳግድ ስለምትነዳ ተሳፋሪዎቹ «ለስላሳ» ይሏታል። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች።

ልቧ አንዳንዴ ድንገት ይነሳባታል። በተቀመጠችበት ደረቷ ይርገበገባል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይተዋታል። ጤና ጣቢያ እስክትደርስ ጥሏት ስለሚሄድ «ጤነኛ ነሽ» ብለው ይመልሷታል። ጋሼም፣ «ሐሳብ ነው እታለም፣ እንቅልፍ ጠግበሽ ተኚ» ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት አደባባዩ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ጨለመ። አውቶቡሱ የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ቆመ። የሞተ ባይኖርም አንዲት አሮጊት ክንዳቸው ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ መሪ ላይ ተኝታ ነው አለ። የጋራዡ ኃላፊ አብሯት የሄደውን ጋሼን ሲጠይቀው፣ እሷ በቆመችበት፣ «እውነት ነው፣ ማታ ማታ አትተኛም» አለ። ከተባረረች በኋላ፣ «ሕመም አለባት ከተባለ ዕድሜ ልክሽን መሪ አያስነኩሽም ብዬ ነው» አላት። አመነችው።

ክረምቱ ሲወጣ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ጎረቤቷ ትልቁ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ልቧ ገና እየጋለበ ነበርና ማሽኑ ያዘው።

«ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ትንሽ ቆም ይላል። አንቺ ግን ስትወለጂ ጀምሮ ሌላ ትርፍ መንገድ ያለሽ ይመስለኛል። ሽቦ አስገብተን የቱ ጋ እንደሆነ እንለካለን።»

በብሽሽቷ በኩል ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥሯ አልፈው ልቧ ገቡ። ነቅታ ነው። ሐኪሟ፣ «አሁን ሆን ብዬ ላስነሳው ነው» አለቻትና ያ የምታውቀው ግልቢያ ጀመረ።

«እሱ ነው» አለች ሹፌሯ።

«አየሁት። ቆም ማለት ሲገባው ዘሎ ያልፋል።»

እንባዋ ወረደ። እስከዚያ ቀን ማንም አይቶላት አያውቅም። ትርፉን መንገድ በሙቀት አቃጥለው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሊጠይቃት መጣ። ቀና ልትል ጉልበቷን ስታነሳ ፈጥኖ ያዛት። «እግርሽን እንዳታጥፊ፣ ይደማብሻል። እኔ እንኳ ያስቸገረኝ ሲያስነሱት ነው...» አላት።

«ላንተም ተሠርቶልሃል?»

ከሠርጉ በፊት እንደተሠራለት፣ ለሥራ ነው ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደነበር ነገራት። ሐኪሞቹም በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል እህትህ ትታይ ብለውት ነበር።

«የልብ በሽተኛ ዘር ነው ብለው የሚስቴ ወላጆች ልጃቸውን እንዳይከለክሉኝ ፈራሁ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል...»

«አውቶቡሱ ሲጋጭ ታውቅ ነበር?»

«እታለም...»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ በራሴ ላይ ይደርሳል ብላ ግን አላሰበችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ልጅህንስ አሳይተሃታል?» አለችው።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ነገ ይዘሃት ትመጣለህ። አለዚያ ለእናቷ የምነግራት እኔ ነኝ።»

አመጣት። ደረቷ ላይ ሽቦ ሲለጥፉባት ሕፃኗ ኮረኮሩኝ ብላ ትስቃለች፤ አክስቷ እጇን ይዛታለች። የልጅቷ ልብ ደህና ነበር። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ሐኪሟ ስለመሰከረችላት መሥሪያ ቤቱ፣ አንገራግሮም ቢሆን፣ መልሶ ቀጠራት። ልቧም ከዚያ ወዲህ ተነስቶባት አያውቅም። ከጋሼ ጋር ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የልጅቷን ደህንነት ትጠይቀዋለች። ሲያማት ግን የምትጠራው ጎረቤቷን ነው።