ለወንድሜ የተሳሉት

ወንድሜ ኮሌጅ በገባበት ዓመት ዳላስ ያለ ሐበሻ ሁሉ የቅርጫት ኳስ አዋቂ ሆነ። ኳስ ሲባል በእግር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ከቅዳሴ ወጥተው፣ የመኪናቸውን በር ከፍተው እንደቆሙ፣ ስለ ሪባውንድ፣ ስቶ ስለሚመለስ ኳስ፣ ይከራከሩ ጀመር። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት ተራ ሲጠብቁ ወሬያቸው እሱ ነበር። አንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሚሊየነር ይሆናል ሲል፣ ሌላው ሁለት ዓመት ምን ያደርጋል፣ ዘንድሮ ነው እንጂ ይለዋል። በእነሱ ቤት ልጁ ለትልቅ ክለብ ፈርሞ፣ ለእናቱ ሮውሌት ከተማ ሐይቁ ዳር ቤት ገዝቶ፣ የቀረው ሚስት መምረጥ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ቢሆን እጩ አልጠፋም። እሱ ግን ገና ፍሬሽማን ነው፤ ሜዳ የሚገባውም ሌሎቹ ሲደክማቸው ነው። ይህን ብናገር የሚሰማኝ አልነበረም።

እቀና ነበር። ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ አባታችን በልጅነታችን ስላረፈ እናቴ ሆቴል ልብስ ስታጥብ ስትውል እሱን አብልቼ ትምህርት ቤት የምሰደው እኔ ነበርኩ። ነርሲንግ እየተማርኩ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ያለ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። ሽማግሌ አገላብጬ፣ አጥቤ፣ አልብሼ፣ ወገቤ ተቆርጦ ቤቴ ስገባ ሳሎናችን ጢም ብሎ የወንድሜን ጨዋታ በቪዲዮ ያያል፤ እኔ የምቀመጥበት ይጠፋል። አንዷ እንግዳ ዞር ብላ ቁመቱን ከማን እንዳመጣ ትጠይቀኛለች። ምን እንደምማር ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የተመረቅኩ ቀን ከሰው ሁሉ እናቴ ብቻ መጣች፤ እሷም ሥራ እንዳይረፍድባት አንድ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነበር።

የባሰው ግን የስለቱ ነገር ነው። እናቴ ልጄ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተሰላፊዎች አንዱ ከሆነ ብላ ለማርያም በወርቀ ዘቦ የተሠራ ጥላ ተሳለች። ጎረቤታችን እትዬ መጋረጃ ተሳሉ። ቤተ ክርስቲያን በጥምቀት ብቻ የሚታይ አንድ ታክሲ ነጂ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያለብስ ምንጣፍ ተሳለ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ስለነበረ የማይጎድለው ነገር አልነበረም፤ ወንድሜ ቢሳካለት ዕቃው በአንድ ዓመት ይሟላ ነበር። ኳስ ነክተው የማያውቁት አባ እንኳ ከቡራኬ በኋላ ጠጋ ብለው ውጤት ይጠይቁኝ ጀመር።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ነርስ ሆኖ ለመቀጠር የስቴቱን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ተፈትኜ ወደቅኩ፤ ለሁለተኛው ፈተና ማክሰኞ ቀጠሩኝ። እናቴ ለእሱ እንደምትሳለው ለእኔም እንድትሳልልኝ ፈለግኩ። ጥላ አላልኩም፣ አንዲት ጧፍ ትበቃኝ ነበር። በግልጽ መጠየቁ ስላሳፈረኝ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩባት። ፈተናው እንደሚያስፈራኝ ነገርኳት። አብራኝ የወደቀችው ልጅ እናቷ ለገብርኤል ተስላላት እንዳለፈችም ነገርኳት። እናቴ አዳምጣኝ ስታበቃ በርትተሽ አጥኚ ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንድ ቀን ወንድሜ ጉንፋን ይዞታል ሲሏት ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ የማርያም ሥዕል ፊት ቆማ፣ እጇን ዘርግታ ስትለምን አየኋት። ለጉንፋን የምትጠራው ማርያም ለእኔ ፈተና ስትሆን የት እንደምትሄድ ማወቅ ፈለግኩ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ከዶርሙ ደወለልኝ። ቅዳሜ ትልቅ ጨዋታ ነበረባቸው፤ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ስለታመመ አሠልጣኙ ረጅም ሰዓት ሊያጫውተው ነው። እኔ ለዚህ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ጉሮሮዬን ስጠርግ እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። በቅርጫት ኳስ ጥፋት የተሠራበት ተጫዋች ከቅርጫቱ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው ይወረውራል፤ ፍሪ ስሮው ይሉታል። የራሳቸው ልጅ ሲወረውር ደጋፊዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ጸጥ ይላሉ፤ የሚጮኸው ተጋጣሚው ሲወረውር ነው፣ እንዲስት። የእኛዎቹ ሴቶች ግን ልጃቸው ብቻውን ቆሞ ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። ባለፈው ጊዜ ኳሷን ይዞ ሲዘጋጅ በእልልታ አደበላለቁት፣ ሳተ፣ ጓደኞቹም ሲስቁበት ሰነበቱ።

"ማለቴ፣ ለማሚ እኔ መናገር አልችልም" አለኝ። "እሷ ሃፒ ናት። ሶ፣ አንቺ ኤክስፕሌይን አድርጊላቸው። ስወረውር ብቻ ኳየት ይሁኑ።"

እሱ እንዳይጠላ መልእክቱ በእኔ አፍ መሆኑ ነው። እሺ አልኩት። ለእናቴ ስነግራት ከልቧ ሳቀች፤ እልልታ ሰይጣንን እንጂ ሰውን ጎድቶ አያውቅም አለችኝ። ለእትዬም ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ቀና ብለው ፊቴን መረመሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቫን ተከራየ፤ ያልበቃው ሰው በየታክሲው ሆኖ ተከተለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ልጆቹ ባንዲራ ይዘው አንድ ጥግ ሞሉት። አሜሪካኖቹ ፈገግ እያሉ ያዩናል። እናቴ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከጀርባዋ። የጥናት መጽሐፌን ይዤ መጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼው ነበር፤ አንድም መስመር አላነበብኩም። ወንድሜ ያን ቀን በእውነት ተጫወተ። ረጅሙ እጁ ከሌሎቹ እጅ በላይ ሲዘረጋ አዳራሹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይነሳል፤ እኔም ሳላስበው እነሳና ወዲያው ተናድጄ እቀመጣለሁ። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ነጂ ምንጣፉ የምን ቀለም ቢሆን እንደሚሻል ከጎኑ የተቀመጠውን ያማክር ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተመሩ። ወንድሜ ዘሎ ሊያስገባ ሲል ከጎኑ ገፍተው ጣሉት፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ሁለት ውርወራ ተሰጠው። ሁለቱንም ቢያገባ ያሸንፋሉ። መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሷን መሬት ላይ ሲያነጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ፀጥ አለ፤ የኳሷ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከፊቴ የተደረደሩት ነጠላዎች ሲንቀሳቀሱ፣ እጆች ወደ አፍ ሲሄዱ አየሁ። ተነስቼ፣ እባካችሁ ዝም በሉ፣ ራሱ ነው የለመናችሁ አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

እትዬ ዞረው አዩኝ።

"ለገዛ ወንድምሽ እልል ቢባል አንቺን ምን አቃጠለሽ?" አሉኝ።

ያልኩት ልክ ነበር፤ እሳቸው ያሉትም ልክ ነበር፤ ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ቁጭ አልኩ። እናቴ ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ተመለሰችና እልልታውን መጀመሪያ ያቀለጠችው እሷ ሆነች። ሌሎቹ ተከተሏት። ወንድሜ አንገቱን ወደ እኛ ሲያዞር አየሁት። የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛው ብረቱን ዞሮ ዞሮ ወደ ውጭ ወደቀ።

ደጋፊ ሲሸነፍ ጥፋተኛ አያጣም። አንዱ አሠልጣኙ ዘረኛ ነው አለ፣ ሌላው ቅርጫቱ ጠሟል አለ። እልልታው ነው ያለ ሰው የለም። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ልጁን ዓይን በላው አሉ። የማን ዓይን እንደሆነ አልተናገሩም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ።

እናቴን በመኪናዬ ይዤ ስድስት ሠላሳ አምስት የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ። ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ነበረች። እናቴ ወንድምሽ እውነት ዝም በሉ ብሏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብሏል አልኳት። ለምን ለእኔ አልነገረኝም አለች። ደስታሽ እንዳይጠፋ አልኳት፤ ከዚያ በኋላ ራሴን መያዝ አቃተኝ። መውጫውን ይዤ ወረድኩና አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ ፓርክ አደረግኩ። ለእሱ ጥላ፣ ለእሱ መጋረጃ፣ ለእሱ ምንጣፍ፣ ለጉንፋኑ እንኳ እንባ። አሥር ጊዜ ነገርኩሽ፣ ማክሰኞ ፈተና አለብኝ፣ ብወድቅ ሽማግሌ ሳገላብጥ ላረጅ ነው። እኔም ከሆድሽ ነው የወጣሁት አልኳት። ይህን ሁሉ ስል መሪውን እንጂ እሷን አላየሁም።

"ለእኔ አንዲት ጧፍ ተስለሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አለች።

ትክዳለች ብዬ ነበር። ቢያንስ ትምላለች ብዬ። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው፣ መልሳም ፈታችው።

ተሰደን ሱዳን እንደገባን ኩፍኝ ይዞሽ ነበር አለችኝ። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱንና የድንኳኑን ሽታ ብቻ ነው። በአጠገባችን ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹን ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ጠቅልለው ይወስዷቸው ነበር አለች። አንዱ ሐኪም እኔንም አይቶ አንገቱን ነቅንቆ አለፈ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ይሳል ነበር፤ አገሬ ብገባ በሬ፣ አገሬ ብገባ ጃንጥላ። እሷ አገሯ እንደማትገባ ገብቷት ነበር፤ በእጇም ምንም አልነበራት።

"ለእመቤቴ የምሰጣት ባጣ" አለችኝ፣ "ይቺን ብቻ ተይልኝ፣ ስለ እሷ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም አልኳት። የነበረኝ እሱ ብቻ ነው። አንቺ ተረፍሽ። እሷ ቃሏን ጠብቃ እኔ ቃሌን እንዴት ልብላ?"

ስትጸልይ የወንድሜን ስም ጠርታ፣ የእትዬን ጠርታ፣ በሥራ ቦታ የሚያስቸግራትን አለቃዋን ሳይቀር ጠርታ የእኔ ጋ ስትደርስ እንደምትዘል ነገረችኝ። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ብላት፣ ብነግርሽ ስለ አንቺ አፌን መክፈት መስሎኝ ፈራሁ አለች። አሁንም ማውራቷ ስላሳሰባት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይበርዳል ተብሎ ይጠበቃል። አለቀስኩ፣ አዎ፣ እሷንም አቀፍኳት። ግን ወንድሜ ላይ ከዚያ ሰዓት የበለጠ የቀናሁበት ጊዜ የለም። ከዚያ በፊት የቀናሁት እናቴ ለእሱ ስለምታደላ ነበርና አንድ ቀን ትመለሳለች ብዬ ተስፋ ነበረኝ። አሁን ግን ለእሱ ዕድሜ ልኩን ሊለመንለት እንደሚችል፣ ዛሬ ቢስት ነገ፣ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ሊባልለት እንደሚችል፣ የእኔ ግን ገና በልጅነቴ አንዴ ተጠይቆ እንዳለቀ ገባኝ። ማንም ያላጠፋው ጥፋት ስለሆነ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ከሥራ ቀርታ አብራኝ መጣች። ፈተናው ያለበት ሕንፃ በር ላይ ሌሎች ተፈታኞች ከየቤተሰባቸው ጋር ቆመዋል፤ አንዱ ያማትባል፣ ሌሎች ይተቃቀፋሉ። ቦርሳዬን አቀበለችኝ፣ የኮቴን አንገትጌ አስተካከለችልኝ። ማርያም የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ሲደርስ አየሁት። ዋጠችው።

"ሂጂ በቃ" አለችኝ።