ቆርቆሮ ሥር የከረመ ዘር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ቢሰማ ያዝንልኝ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የሚታዘንላት ሴት አይደለሁም።

መርካቶ ውስጥ፣ ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአትክልት ዘር እሸጣለሁ። ሱቁን የከፈትነው ከባለቤቴ ጋር ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ይዤዋለሁ። ልጅ አልወለድንም። በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ የባለቤቴ ታናሽ እህት ሸዋዬ፣ ከኋላዋ መቀመጤን ሳታይ፣ አጠገቧ ላሉት ሴቶች «ወንድሜ ቤት ሠራ እንጂ ዘር አልተካም፤ እሷ ዘንድ የተዘራ አይበቅልም» አለች። አንዷ ሳቀች። የሳቀችውን አውቃታለሁ። ስሟን አልጽፍም እንጂ አልረሳኋትም።

በዚያው ሰሞን ሸዋዬ የእናቷን ቤት ድርሻ ሸጣ፣ መቂ አካባቢ መሬት ተከራይታ ሽንኩርት ልታመርት ተነሣች። ያላት ሁሉ ያ ነበር። የከተማ ሰው እርሻ ሲባል መሬትና ዝናብ ይመስለዋል። እኔ ሱቄ ውስጥ ገበሬ ሲያማርር የምሰማው ሌላ ነው። የውሃ መሳቢያው ሞተር ማሳው በተጠማበት ቀን ይበላሻል። ናፍጣ ይጠፋል። ትሉ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ገብቶ፣ ሲታይ ማሳው አልቋል። ምርት ሲደርስ ደግሞ ደላላው ሆን ብሎ መኪናውን ያዘገያል፤ ቲማቲሙ ሣጥን ውስጥ ሲለሰልስ የጠራውን ዋጋ ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ ግን ዘሩ ከበቀለ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ካልበቀለ የሚታገሉት ነገር እንኳ የለም።

ዘር ልትገዛ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ በለጡ፣ ቤተሰብ እያለ የባዳ ደጅ አልጠናም» አለችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያለችውን መስማቴን አታውቅም ነበር።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። ጥቁርና ደረቅ ነው፤ ሲሞትም መልኩ አይለወጥም። ስለዚህ እኛ ዘር ሻጮች ከመሸጣችን በፊት ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናቆያለን። ጨርቁን ስንፈታ ፍሬው ነጭ ጭራ ካበቀለ ሕይወት አለው። ሱቄ ውስጥ ከቀድሞው ዓመት የተረፈ አንድ ከረጢት ነበረኝ፤ በጋውን ሙሉ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሲቃጠል የከረመ። ፈትኜዋለሁ። ጨርቁን ስፈታ ፍሬዎቹ እንደገቡ ነበሩ፤ አንድም ጭራ ያወጣ የለም። ልደፋው አስቤ ነበር።

አልደፋሁትም፤ ለሸዋዬ ሸጥኩላት። እኔ መዘንኩት፤ እኔው አፉን አሰርኩት። ከረጢት ተምታቶብኝ ነው? አይደለም። አዲሱ ዘር እግሬ ሥር ነበር። አሮጌውን ለማውረድ በርጩማ ላይ ቆሜያለሁ። ስቆምም በልቤ፣ እስቲ አንቺ የዘራሽውን እንየው፣ አልኩ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች። ማሳው ታርሷል፤ ቦዩ ወጥቷል፤ ሠራተኛ ተቀጥሮ ተቀምጧል፤ ችግኝ ያፈላችበት መደብ ግን መላጣ ነው። እዚህም እዚያም ጥቂት ነገር ብቅ ብሏል እንጂ ሌላ የለም። «እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለችኝ።

ያኔ እውነቱን ብነግራት፣ አዲሱን ዘር ሰጥቻት ወቅቱ ሳያመልጣት ትደርስ ነበር። እኔ ግን «ውሃ አብዝተሽበት ይሆናል፤ ዘርም እንደ ሰው ይታፈናል» አልኳት። አመነችኝ። አንገቷን ደፍታ ወጣች። የቱ ይከፋል? የሞተ ዘር መሸጤ እርሻዋን ወሰደባት። ይህ ቃሌ ግን የገዛ እጇን እንድትጠራጠር አደረጋት። ሞተሩን ሸጠች፤ ከአንዲት ጥግ በቀር መሬቱን ለቀቀች፤ በሰው ቲማቲም ማሳ ውስጥ በቀን ሥራ ዋለች። እኔ ሱቄን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ እንቅልፍም አላጣሁም። ይህንንም መናገር አለብኝ።

ከዓመታት በኋላ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡና ይዩ» ብላ ለመነችኝ። ሄድኩ። ልትወቅሰኝ መስሎኝ መልሴን መንገድ ላይ ሳሰናዳ ነበር የደረስኩት።

ሽንኩርት ሲያብብ አይቼ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ዘሩን እየሸጥኩ አበባውን አላውቀውም። ቅጠል የሌለው ዘንግ በቁመቴ ልክ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ክብ ነጭ አበባ ተሸክሟል፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር እንዲያ ነው። ንቡ ከብዛቱ የተነሣ መሬቱ ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር። ሳላስበው ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ ያህል።

«ያ ከመደቡ የተረፈው ነው» አለችኝ ሸዋዬ። «ጥቂቱን እዚያ ጥግ ተከልኩት። ያፈራውን የሽንኩርት ራስ፣ ኮረቱን፣ ሳልሸጥ መልሼ ተከልኩት፤ አበበና ዘር ሰጠኝ። እየዘራሁ፣ የለቀቅሁትንም መሬት መልሼ እየተከራየሁ እዚህ ደረስኩ። ከዚያ ሁሉ ውሃ ያመለጠ ነውና ምንም አይበግረውም። እርስዎ የሰጡኝ ዘር ብርቱ ነበር፣ እትዬ።»

እኔ እኮ ፈትኜዋለሁ። ጨርቄ ሞቷል ብሎኝ ነበር። በዚያ ከረጢት ውስጥ እኔ ያልነካኋቸውን ፍሬዎች ማን ጠበቃቸው? ለበቀል ያወረድኩትን ማን ለበረከት አደረገው? እዚያ ቆሜ ፈራሁ። ከሰው ፊት እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ዛሬ የሸዋዬ ዘር የሚሸጠው በእኔ ሱቅ ነው፤ ለሌላ አልሰጥም ብላ። ባለፈው አንድ የመቂ ሽማግሌ «የሸዋዬን አምጪልኝ፤ ያንን ሌላውን ለጠላትሽ ሽጪለት» ብሎኝ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ነገ አዲሱን ዘር ይዛ ትመጣለች። በዚያ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ዘሬን ይመልሱልኝ ካለችኝ፣ ከረጢቱን ራሴ ተሸክሜ ማዶ ካለው ሱቅ አደርስላታለሁ። የድንኳኑን ስድብ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም፤ የእሷን ኑዛዜ እሷ ታውቃለች። ነገ ግን አላነሣውም። ካነሣሁት ምክንያት ይሆነኛል፤ ምክንያት ደግሞ የለኝም።