የፈቃደ ባሕርና አንባቢዎቹ

ፈቃደ ባሕር አይቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ፣ በግብርና ባለሙያነት አርባ ምንጭ ተመድቦ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሴቻ ካለው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አባያንና ጫሞን ቁልቁል ሲያይ ኖሯል፤ ከዚያ የሰፋ ውሃ በዓይኑ አላየም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ጡረታ ከወጣ በኋላ ክፍሉን ዘግቶ ስለ ውቅያኖስ ወለል ልብ ወለድ የጻፈው። ጉድ በሉ!

መጽሐፉ «ከውጭ የሚያንኳኳው» ይባላል። ገና በሚመጣ ዘመን ሁለት ሰዎች ባሕር ሥር በተሠራ የብረት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። አንደኛው የተበላሸ ነገር ሊጠግን ይወጣል። ውስጥ የቀረው ሰውዬ ብቻውን ሲሆን አእምሮው ይነካና፣ ጓደኛው ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ «ይሄ እሱ አይደለም፤ የእሱን ድምፅ የያዘ ሌላ ፍጡር ነው» ብሎ አልከፍትም ይላል። ያኛው ያንኳኳል፣ ይሄኛው አይከፍትም። ሲያንኳኳ መጽሐፉ ያልቃል። ፈቃደ የመጨረሻዋን ገጽ ሲጽፍ ራሱ ፈርቷል። አንባቢም ይንቀጠቀጣል ብሎ ጠበቀ።

አርባ ምንጭ ግን ንቅንቅ አላለችም። መጀመሪያ ያገኛት ሻሺቱን ነው፤ ከጫኖ ሙዝ እያመጣች ሲቀላ ገበያ የምታከፋፍለዋን።

«ጋሼ፣ ጨረስኩት!» አለችው ከሙዝ ክምሯ ጀርባ።

«እሺ፣ እንዴት አገኘሽው?»

«ራበኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሰዎቹ አይበሉማ! ከቱቦ የሚጨመቅ ነገር ነው የሚውጡት። ባሕር ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዓሣ እንኳን የማይጠብስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ያ ሰውዬ ሌላ ምንም አልነካውም፣ ረሃብ ነው ያሳበደው። ቆጮ በዳጣ ቢያቀርቡለት በሩን ብርግድ ያደርገው ነበር» አለችና ወደ ገዢዋ ዞረች።

ጫሞ ላይ መረብ ሲጥል ያረጀ አንድ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መንገድ ላይ አስቆመውና «አዞው የታለ?» አለው። ፈቃደ በትዕግሥት፣ ውቅያኖስ ወለል ላይ አዞ እንደማይኖር አስረዳው። «በምን አወቅህ? ወርደሃል?» አለው ሰውዬው። ፈቃደ ባጃጅ ጠራ።

ጎረቤቱ ወይዘሮ አበቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዙት። እሳቸው እንኳን አላነበቡም፣ ሰው ነው ያወራላቸው። «ጾም የለ፣ ጸሎት የለ፣ ምን ያንኳኳል ትላለህ? ያው ያ ርኩስ ራሱ ነዋ! አንድ ጀሪካን ጠበል ይዘው ቢወርዱ ኖሮ ይሄን ሁሉ ወረቀት ባላባከንክ» አሉት። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ብቻ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «የዘመናችንን ሰው ህልውናዊ ብቸኝነት ፈትሸሃል» አለው። ፈቃደ በደስታ እንባው ሊመጣ ሲል፣ መምህሩ ቀጥሎ ስለ ጠፈር መንኮራኩሩ ያወራ ጀመር። ሽፋኑን እንኳን በቅጡ አላየውም!

ባለቤቱ ጸዳለ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ነው የጸናችባት። «ያቺ ሰውዬው በሕልሙ የሚያያት ሴት ማን ናት?»

«ልብ ወለድ ናት እኮ፣ ጸዳለ።»

«ጠይም ናት ይላል። እኔ ቀይ ነኝ።»

ያን ሰሞን የቤቱ ወጥ ሁሉ ጨው አልነበረውም።

ይሄን ሁሉ ፈቃደ ይችለው ነበር። ያልቻለው የአሞጽን ነው።

አሞጽ የዶርዜ ሰው ነው፣ የቢሮው ሾፌር የነበረ። ፈቃደን ይዞ ያልወጣው ዳገት፣ ያልተሻገረው ወንዝ የለም። ካምባ መንገድ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፍና «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ያኔ ፈቃደ ደህና እንዳልሆነ ያውቃል። ጡረታም አብረው ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፈቃደ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይለያያሉ። ፈቃደ በዚህ ከተማ ስንት ዘመን ኖሮ ከልቡ ጓደኛዬ የሚለው ሰው ይኸው አንድ አሞጽ ነው።

እርግጥ መጽሐፉ ሲጀመር ዳማው ቀረ። ፈቃደ ለጸዳለ «አሞጽ ሲመጣ የለም በይው» አላት። «ሰውዬው እኮ በር ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ በመስኮት እያየኸው!» ብትለው፣ «እየጻፍኩ ነው!» ብሎ ጮኸባት። ደራሲ ነዋ! መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ግን የመጀመሪያውን ቅጂ ለአሞጽ ሰጠው። አሞጽ ተቀበለ፣ አሸተተው፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠውና ሄደ። በዚያው ቀረ።

ፈቃደ ዳማውን ማንጎው ሥር ዘርግቶ ጠበቀ። አልመጣም። በሌላውም ቀን ጠበቀ፣ ለሁለቱም ወገን ራሱ ተጫወተ፣ ራሱን ሲያጭበረብርም ራሱን ያዘ። ምን ነካው ብሎ መጽሐፉን እንደገና ቢገልጥ ክው አለ። ያ ያበደው ሰውዬ፣ ፍርሃት ሲይዘው የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፍና «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል! ለማሳመሪያ ብሎ የሰካው ነገር ነው። «ወይኔ! እብዱን አሞጽ አድርጌዋለሁ!» አለ ጮክ ብሎ። ሄዶ ይቅርታ እንዳይጠይቅ ኩራቱ እግሩን ያዘው። እንዳይተወው ደግሞ ሆዱ እንቢ አለው። ማንጎው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲያመሽ ጸዳለ እንኳን አዘነችለትና ወጡ ጨው አገኘ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢውን አልፈው ገቡ። ከፊት ያሉት አቶ ካሱ ናቸው፣ ታች የሸማኔዎቹ ዳስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸመኑ የተከበሩ ሰው። ሦስቱም በእጃቸው ውሃ የሚያንጠባጥብ ለምለም ሳር ይዘዋል። አሞጽም አብሯቸው መጥቷል፤ እሱ ግን ከበሩ ውጭ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ፈቃደ ፊት ሲደርሱ ተንበረከኩ።

አርባ ምንጭ የኖረ ሰው ይሄን አይስተውም። ሳር ይዞ የተንበረከከ የጋሞ ሽማግሌ ከመጣብህ ቂምህን ትጥላለህ እንጂ ሳሩን ረግጠህ አታልፍም። ተሰልፎ ሊጋጭ የመጣ ወጣት እንኳን ድንጋዩን ጥሎ ይመለሳል፤ የደብረ ማርቆሱ ፈቃደ ማን ሆኖ ነው!

«ኧረ በእግዜር ተነሱ!» አለ እየተርበተበተ። «አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልፉን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ደህና ነው ደህና ነው የሚለውንም ከሱ ነው የወሰድኩት። አሞጽን እብድ ለማለት ብዬ አይደለም፣ ይማረኝ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«የምን ቁልፍ ነው?» አሉ አቶ ካሱ። «እኛ የመጣነው ለሁለቱ ሰዎች ነው።»

«ለየትኞቹ?»

«ባሕር ውስጥ ላሉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞጽ ለካ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሸማኔዎቹ ዳስ እየሄደ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ነበር። ሸማኔ እጅና እግሩ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው። ሰሙ፣ ተከራከሩ፣ በእብዱ ተናደዱ፣ ውጭ ለቀረው አለቀሱ። ትናንት መጨረሻው ተነበበ። በሩ አልተከፈተም። መወርወሪያቸውን አስቀመጡና ዛሬ አንድም ሰው ሥራ አልጀመረም።

«ሰው ወንድሙን ውጭ ትቶ ቁጭ ሲል ሰምተን እንዴት ዝም ብለን እንሸምን?» አሉ አቶ ካሱ። «አንተ ነህ የምታውቃቸው። አስታርቃቸው።»

ፈቃደ ሳቁ መጣ። መልሶ ዋጠው። «አባቴ፣ ታትሟል እኮ። ከታተመ በኋላ አይለወጥም።»

«ወረቀቱን ማን ጠየቀህ? በአፍህ ተናገር፣ እኛ እንሰማሃለን።»

ፈቃደ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ። «አሞጽ፣ አንተ ታዲያ አልተቀየምከኝም? እብዱ አንተ ነህ እኮ!»

«እብዱ?» አለ አሞጽ ከውጭ፣ ግራ ተጋብቶ። «ኮት ማን አይቆልፍም? እኔ ውጭ የቀረው ነኝ ብዬ ነው ያነበብኩት።»

«ለምን?»

አሞጽ ድንጋዩን በእግሩ ነካ አደረገ። «አለቃ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ስቀመጥ መስኮትህ ይታየኛል እኮ። መጋረጃውን ስትስበው አይህ ነበር። ጠልቶኝ ነው ወይስ ሥራ ይዞት ነው እያልኩ ተመላለስኩ። መጽሐፉን ሳነብ ግን፣ ለካ በር ላይ መሆኔን ያውቃል አልኩ።»

ፈቃደ ይሄን አስቦ አልጻፈም ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ስለ አንድ በር ሲጽፍ የራሱ በር አንድም ቀን ትዝ አላለውም። ፊቱ ቀላ፣ አፈረ።

«ተናገር እንጂ» አሉ አቶ ካሱ፣ ጉልበታቸው መሬት ላይ እንዳለ። «ያንኳኳል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ውስጥ ያለው ሰውዬ ተነሳ» አለ ፈቃደ። «በሩን ከፈተው። ይቅር በለኝ አለው።»

«ያኛውስ ምን አለ?»

ፈቃደ አያውቅም። ይሄን አልጻፈውም። ሁሉም ዞረው አሞጽን አዩት። አሞጽ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ቆየህ» አለ። «ሌላ ምን ይላል? ቆየህ ነው የሚለው።»

ከዚያ በሩን አልፎ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሳሩን ማንጎው ሥር አስቀምጠው ተነሡ፣ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ፈቃደ ቆርኪዎቹን ደረደረ። በዚያን ቀን ሦስቴ በተከታታይ ተሸነፈ። ሆን ብሎ ነው የሚል ካለ ፈቃደን አያውቀውም።