ቀይዋን በእጅ መንካት ክልክል ነው

አቶ አብዱልገኒ ቀይ ቀለም ፀሐይን እንደማይችል ያወቁት ከመኪና ሳይሆን ከጨርቅ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው መስኮት ላይ ከሚሰቅሉት ሁሉ ጥቁሩ ጥቁረቱን ይዞ ሲከርም፣ ቀዩ ግን ክረምት ሳይገባ ሮዝ ይሆንባቸው ነበር። ስለዚህም ቀይ ቶዮታ ዲኤክስ በገዙ ዕለት፣ ሌላው ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲላቸው እርሳቸው በሥጋት ወደ ሰማይ ያንጋጥጡ ነበር ይባላል።

እኔ ገርጂ ካለው ግቢያቸው አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ የምማር ተማሪ ነበርኩ። የሰውን ሕይወት ለመጻፍ የሚበቃ ብዕር እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሆኖም በየማለዳው ከመስኮቴ ፊት ለፊት ይፈጸም የነበረውን ለማስተዋል የተለየ ተሰጥኦ አያስፈልግም ነበር። አቶ አብዱልገኒ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ መኪናዋ የለበሰችውን አቡጀዲ ይገልጣሉ። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በአሸዋ መፈተግ ነው ባይ ስለነበሩ አስቀድመው ውሃ ያወርዱባታል። የልብስ ሳሙና በአጠገቧ አያልፍም፤ የምትታጠበው በባለቤታቸው በወይዘሮ ፈዲላ የፀጉር ሻምፑ ነው። የምትደርቀውም ደጋግሞ በታጠበ አሮጌ ሻሽ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ፀጉር ደርቆ የእሷ ቆርቆሮ ያብረቅርቅ?» ይላሉ ወይዘሮ ፈዲላ ከበረንዳው።

«አንቺ ጥላ ሥር ነው የምትውይው፤ እሷ ግን ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ትገተራለች» ይመልሳሉ።

አንድ ጊዜ የኤምባሲ ሾፌር የሆነ ደንበኛቸው፣ ቀይ ቀለም ሰም ካልተቀባ እንደሚገረጣ ነገራቸው። ሾፌሩ ያሰበው በጣሳ የሚሸጠውን የመኪና ሰም ነበር። አቶ አብዱልገኒ ግን ሰም ሲባሉ ሰም ነውና መርካቶ ሄደው፣ ከማሩ በቅጡ እንኳ ያልተለየውን ገዝተው መጡ፤ አቅልጠውም ከኮፈኑ እስከ ሻንጣው ቀቧት። በማግሥቱ የገርጂ ንብ አንድም ሳይቀር ግቢያችን ገባ። ጎረቤታቸው አቶ ገሰሰ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አብዱልገኒ! የገዛኸው መኪና ነው ቀፎ?» ሲሉ፣ እርሳቸው በር ዘግተው ከውስጥ፣ «አንተ ደግሞ ሳቅህን ትተህ ጭስ አጭስልኝ!» ብለው ጮኹ።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የበላይ የሆነው ግን ቀይዋን በእጅ መንካት ክልክል ነው የሚለው ነበር። መደገፍ፣ ኮፈኗ ላይ ዘንቢል ማሳረፍ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አቧራዋ ላይ በጣት «እጠቡኝ» ብሎ መጻፍ፣ በእርሳቸው ዘንድ ከስርቆት የሚተናነስ ወንጀል አልነበረም።

ይህ ሕግ የተፈተነው በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከአረፋ በዓል በኋላ፣ ልጃቸው ሀጀር ስትዳር ነው። የሙሽራው የሙራድ ቤተሰቦች ወሎ ሰፈር ነዋሪዎች ነበሩ፤ ለሙሽሮቹም ነጭ መርሰዲስ ሊከራዩ ተነጋግረዋል። ሀጀር ግን እምቢ አለች።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤት ስታመላልሰኝ የኖረችው ቀይዋ ናት። ከዚህ ቤትም እሷው ታውጣኝ።»

አቶ አብዱልገኒ በደስታ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። የአዲስ አበባ ሚዜ ሙሽራ ሲያጅብ እንዴት እንደሚዘፍን ያውቃሉ፤ ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያውንና በሩን ድቤ ያደርገዋል። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ከነግዴታው ሰጡ፦ ሪባኑ በክር ይታሰራል እንጂ ፕላስተር አይለጠፍም፣ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው፣ መኪናዋንም ማንም አይመታም።

«የሙሽራ አባት ሾፌር ሲሆን የት ታይቷል?» አሉ ወይዘሮ ፈዲላ።

«ሌላ ሰው ከነዳትማ እቤት ቁጭ ብዬ ማለቄ ነው!»

ሀጀር «እሺ አባዬ» አለች። የምትወደው አባቷ የሚሳሳለትን ነገር ላለመንካት የተስማማች ልጅ ድምፅ ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረበትም።

በሰርጉ ዕለት ቀይዋ ገና ከፋብሪካ የወጣች መሰለች። አቶ ገሰሰ ጎንበስ ብለው በሯ ላይ ፊታቸውን እያዩ፣ «ጢሜን እዚሁ ልላጭባት እንዴ?» ቢሉም ማንም ልብ ብሎ አልሳቀላቸውም፤ ሰው ሁሉ እንዳይነካት ተጨንቆ ነበርና። ዋናው ሚዜ ሙኽታር ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ሙሽሮቹና ሁለተኛው ሚዜ ከኋላ። እኔ ከወይዘሮ ፈዲላና ከዘመዶች ጋር በተከታዩ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ በመኪናዋ ውስጥ የሆነውን የምጽፈው ሀጀር በኋላ እንደነገረችኝ ነው።

ሙኽታር ሁለት እጆቹን ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ጭኑ ላይ አጣጥፎ መዝፈን ጀመረ። ምት የሌለው ዘፈን ግን ከገርጂ ኮረኮንች አላለፈም። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ከሰመ። መድኃኔዓለም ስንደርስ ጠቅላላ አጀቡ ዝም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ታክሲ ከቀይዋ ጎን ደረሰና ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ፤

«ምነው ጭጭ አላችሁ? ሰርግ ነው ለቅሶ? ነፍስ ይማር እንበል እንዴ?»

የታክሲው ተሳፋሪ በሙሉ ሳቀ። አቶ አብዱልገኒ ለረዳቱ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ስፖኪዮው ላይ አረፈ። ሀጀር በቬሏ ውስጥ ታለቅሳለች።

ቀይዋ ዳር ይዛ ቆመች። ተበላሸች ብለን ሁላችንም ወረድን። አቶ አብዱልገኒ ከመኪናው ወጥተው ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ቀለበት ያላችሁ አውልቁ።»

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ሙኽታር።

«ቀለበትም ሰዓትም! ብረት ያለበት እጅ አይነካትም። ባዶ እጅ ግን…» ዓይናቸውን ከኮፈኗ ላይ ነቀሉ። «ባዶ እጅ ይምታት።»

ወይዘሮ ፈዲላ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መሐረባቸውን ዘረጉ። ሚዜዎቹ ቀለበትና ሰዓታቸውን እያወለቁ ይጥሉበት ጀመር። አማቱን ላለማስቀየም የቸኮለው ሙራድም ጣቱን ሲታገል ሀጀር አየችው።

«ሙራድ! ዛሬ ያጠለቅኩልህን? አባዬ፣ ገና ሳይውል ሳያድር ልታስወልቀው ነው?»

አቶ አብዱልገኒ በጥሞና አሰቡ። «በየትኛው እጁ ነው?»

«በግራው።»

«እንግዲያው በቀኙ ይምታ።»

ከዚያ በኋላ የቦሌ መንገድ በጭብጨባና በዘፈን ተናወጠ። ሙኽታር በመስኮት ወጥቶ ጣሪያውን ይደልቃል፤ አቶ አብዱልገኒ በየምቱ ትከሻቸው እየዘለለ፣ «መሃሉን! መሃሉን! ጠርዙን ተዉት!» ይላሉ። ወሎ ሰፈር ስንደርስ የሙሽራው ዘመዶች ድምፁን ሰምተው መንገድ ወጥተው ነበር፤ ሀጀርም ሂና የተቀባ እጇን በመስኮት አውጥታ በሩን ትመታ ነበር። አባቷ በስፖኪዮው አዩዋት። የእሷ እጅ ቀለበት ይኑረው አይኑረው አልጠየቁም።