ጎልፍ የተጫወቱበት እሑድ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ጣሊያን መሐንዲሶች ለሥራ ወደ ባሕር ዳር በመጡበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ ይልማ ካረፈ ወዲህ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። በዚያ በአንድ እሑድ ሰበብ ይልማ የልብ ወዳጁን አስራትን አኩርፎ ኖረ፤ እንዳኮረፈም ሞተ። ቀስ እያልሁ ልጻፈው።

ይልማ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነበር። ቋንቋውን የተማረው በልጅነቱ አሥመራ ጋራዥ ሲሠራ ነው። አስራት ደግሞ ሾፌራቸው ነበር። ግሽ ዓባይ ሰፈር አጥር ለአጥር ነበርን። አስራት ሚስት አላገባም ነበርና እራቱን የሚበላው ከእኛ ጋር ነው።

ከጣሊያኖቹ መካከል ብሩኖ የሚባል፣ ስለ አገሩ ተናግሮ የማይጠግብ ሽበታም ሰው ነበር። አገሩ ኮረብታው ሁሉ ወይን ነው። በወይኑ መካከል የጎልፍ ሜዳ አለ። እሑድ ጠዋት ይጫወታሉ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት መንደር ሄደው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፤ ከዚያ በልተው ወይን ይጠጣሉ። ቀኑ በዚሁ ያልቃል። አንድ ጊዜ «እንዲህ ያለውን እሑድ እዚሁ ላሳያችሁ» ብሎ ሦስታችንንም ጋበዘን።

ፋሲካ አልፏል፤ ጾም የለም። የጣና ውኃ ሸሽቶ ዳሩ ሣር ለብሷል፤ ጨዋታው እዚያ ሆነ። ብሩኖ የቲማቲም ጣሳ መሬት ውስጥ እየቀበረ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ሠራ። ከሩቅ እንዲታይም በየጣሳው አጠገብ እንጨት ተክሎ ቀይ ጨርቅ አሰረበት።

አስራት የመታት ኳስ እበት ውስጥ ገባች። «ይኸም ጉድጓድ ነው፤ ይቆጠርልኝ!» አለ። ይልማ ደግሞ ደጋግሞ መትቶ ደጋግሞ ሳተ። በመጨረሻ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አደረገና፣ ወደ ቀዩ ጨርቅ እየጠቆመ፣ የመሥሪያ ቤቱን ካድሬ ድምፅ አስመስሎ፣ «ጓዶች! ዓላማችንን ባንመታም ትግላችን ይቀጥላል!» አለ።

አስራት ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ። ጣሊያኖቹ የተባለው አልገባቸውም፤ ስለሳቅን ብቻ ሳቁ።

ከዚያ በጀልባ ወደ አንዱ ደሴት ሄድን። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ ወንዶቹ ሲወጡ እኔ ከታች ቀረሁ። ብሩኖም ጉልበቱን ያመው ስለነበር አብሮኝ ቀረ። ቋንቋ የለንም። በእንጨት እርጥቡ አሸዋ ላይ የአገሩን ኮረብታና የወይኑን መስመር እየሣለ አሳየኝ።

ምሳ ከወርካ ሥር በላን። ወይኑ ተቀዳ። አስራት ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ይልማ፣ ተርጉምልኝማ! ኮምጣጤያቸውን ለማስቀመስ ነው ይኸን ሁሉ ባሕር አቋርጠው የመጡት?» ይልማ እንዲህ ብሎ ተረጎመ፦ «በጣም ጣፋጭ ነው ይላል።» ስንለያይ ብሩኖ ለይልማና ለአስራት አንዳንድ ኳስ ለማስታወሻ ሰጣቸው። በዕድሜየ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። ሴቶቹን ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው «እስቲ የጣሊያኖቹን ነገር አጫውችን» አሉኝ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው አስቄ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ተነሣሁ። ማማሰያውን ትከሻየ ላይ አድርጌ ይልማ እንዳለው አልሁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንች! ይኸን ሁሉ የት ደብቀሽው ኖርሽ?» አሉኝ። ኩራት ተሰማኝ። ከአንድ ጽዋ አብሮ የጠጣ ሰው ነገር ያወጣል ብየ አላሰብሁም።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ጠራ። በዚያ ዘመን ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፤ እሱ ካልተናገረ ሌላው ይናገርበታል። ካድሬው ይልማን አስነሣና «ከኢምፔሪያሊስት ጋር ወይን እየጠጣህ በቀይ ባንዲራችን ቀልደሃል» አለው። የተናገረውንም ቃል በቃል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ከማድረጉ ሳይቀር ደገመለት። ይልማን ከስብሰባው በቀጥታ ወሰዱት። ስምንት ወር ታሰረ። አስራትን ግን ማንም አልነካውም።

ስንቅ ይዤ የገባሁ ዕለት ይልማ «አስራት ነው» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«እዚያ አማርኛ የሚሰማ ማን ነበረ? እሱና አንች። አንች ደግሞ አንች ነሽ።»

ባዶውን ሰሐን ተቀብየ ወጣሁ። ሲፈታ እነግረዋለሁ አልሁ። ሲፈታ ከስቶ፣ ሥራውንም አጥቶ አየሁትና አፌ አልታዘዝ አለ። እሱም የብሩኖን ኳስ ከመሳቢያ አውጥቶ ወስዶ ጣና ውስጥ ወረወራት። አስራት በራችን ላይ ቆሞ «ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?» ቢለው በሩን ዘጋበት። ሽማግሌ ቢልክም አልሆነም። አስራት ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይቶ ከሰፈሩ ወጣ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ በዓመት ላይ ተደረበ።

ይልማ ሊሞት ሲል የንስሐ አባታችን መጡ።

«ልጄ፣ የተቀየምኸው ሰው አለ?»

«አንድ ሰው ነበረ፣ አባ። አስራትን ስለ እግዚአብሔር ብየ ይቅር ብየዋለሁ።»

አባ ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ? ሰው እንዲህ ነው መሞት ያለበት» አሉኝ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጨ እግሩን እያሸሁለት ነበር። ማሸቴን ቀጠልሁ።

በአርባው ዕለት አስራት በከዘራ እያዘገመ መጣ። ሰዉ ሲወጣ እሱ ቀረ። ከኮቱ ኪስ ቢጫ የሆነች የጎልፍ ኳስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ስንታረቅ እንስቅባታለን ብየ ያኖርኋት ናት» አለ። «ይቅር ብሎኛል አሉ። ምን አድርጌው እንደሆነ ግን አንች ንገሪኝ፣ እኅቴ።»

ነገርሁት። ማኅበሩን፣ ማማሰያውን፣ የሴቶቹን ሳቅ፣ ሁሉን ነገርሁት።

እሱም ጠየቀኝ፦ «ሳያውቅ ሞተ?»

«ሳያውቅ።»

«እኔኮ ምን ቃል አምልጦኝ ይሆን እያልሁ ስመረምር ነው የኖርሁት» አለ። ከዚያ ኳሷን አንሥቶ መልሶ ኪሱ ከተታትና ከዘራውን ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ አልፈርድበትም። ከሴቶቹ ማንኛዋ እንዳወጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ድሮ እረግማቸው ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። አባ ንስሐ ሰጥተውኛል፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ። ግን ይልማ ይቅር ያለው አስራትን ነው። አባ ያን ጥያቄ ሲጠይቁት እግሩ በእጄ ነበር፤ ገና ሙቅ ነበር፤ ጆሮውም ይሰማ ነበር።